ድሪቶ በኪነ ጥበብ ምድብ እንዲዳኝና እንዲመዘገብ፦ ከወሎ ሰፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለደቡብ ወሎ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ ለደሴ ሙዚየም፣ እንዲሁም በባዛርና በኤግዚቢሽን ዳኝነት ለምትቀመጡ ባለሙያዎች ሁሉ

ክቡራትና ክቡራን፣

ከእራፊ ጨርቅ ተቀጣጥሎ፣ መሐሉ ባዘቶ ወይም ያረጀ ጋቢ ገብቶበት፣ ከገበሩ ጋር በመርፌ የሚያያዘው ድሪቶ በሥዕልና በጥልፍ አጠገብ የራሱ ምድብ እንዲሰጠው፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው እንዲዳኝ፣ ከሠሪዋ ስም ጋር እንዲመዘገብና ጥሩ ጥሩው በሙዚየም እንዲቀመጥ እንጠይቃለን። ጠያቂዎቹ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሐይቅ ልብስ በመስፋት፣ ጨርቅ በመቀጣጠልና ጀማሪ በማስተማር የምንተዳደር ሰዎች ነን።

ድሪቶ ለእይታ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ታጥፎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ከቅርጫትና ከትራስ ልብስ ጋር ይደረደራል፤ ካርዱ ላይ «የቤት ውስጥ መገልገያ» ወይም «ከተጣለ ነገር የተሠራ» ተብሎ ይጻፋል፤ ዋጋውም በጨርቁ ይተመናል። 1.60 በ2 ሜትር የሆነ ሥራ ሦስት ጊዜ ለሁለት ሲታጠፍ ለዓይን የሚቀረው ስምንተኛው እጅ ብቻ ነው። ሥዕል ተጠቅልሎ ቀርቦ ሲዳኝ አይተን አናውቅም።

ድሪቶ ከችግር መወለዱን አንክድም። በደላንታ፣ በመቅደላና በአማራ ሳይንት ደጋ ሌሊቱ ከባድ ነው፤ ቡሉኮና ጋቢ ያልተረፈው ቤት ያለውን ጨርቅ ደራርቦ ይለብሳል። ችግር የሚያስገድደው ግን መደራረቡን ብቻ ነው። ቀዩ ከጥቁሩ ጎን እንዲውል፣ ሰማያዊው በየሦስተኛው ረድፍ እንዲመለስ፣ የጠርዙ ቀለም ከመሐሉ ጋር እንዲስማማ ችግር አያዝም። ያን የመረጠች ሴት አለች። ዳኝነት የሚያስፈልገው እዚያ ምርጫዋ ላይ ነው።

ጨርቅ እንደ ቅርስ መያዙም ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲዘረፍ ከተወሰዱት መካከል የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የለበሱት ነው የሚባል፣ በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ አለ፤ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በጎንደር ዘመን በሐር የተሸመነ ትልቅ መጋረጃም እዚያው ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል። መዝገብ ወጥቶላቸው፣ ብርሃንና እርጥበት ተለክቶላቸው ነው የሚጠበቁት። እዚሁ ወሎ ውስጥ እየተሠራ ያለው ጨርቅም እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይበዛበትም።

ድሪቶን ለመዳኘት አሠራሩን ማወቅ ስለሚያስፈልግ፣ ከነሚበላሽበት ቦታ እንጽፈዋለን።

መጀመሪያ ጨርቅ መለየት ነው። ሳልባጅ ውስጥ ጥጥና ፖሊስተር ተደባልቆ ይመጣል፤ መለያው እሳት ነው። ከጨርቁ ጫፍ ጥቂት ክር መዝዞ ሲለኮስ ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ዐመዱም ለስላሳ ነው፤ ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ሲበርድ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ሁለቱ ጎን ለጎን ከተሰፉ ጥጡ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ፖሊስተሩ ባለበት ይቀራል፤ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ፊቱ ይጨማደዳል። ለጥጥ የሚስማማው የካውያ ሙቀትም ፖሊስተሩን ያበላሸዋል። የሚለጠጥ ካናቴራ ከማይለጠጥ ሸሚዝ ጋር አይገጥምም፤ የግድ ከገባ ከጀርባው ስስ አቡጀዲ ተሰፍቶለት ነው። ያረጀ ልብስ ደግሞ ብርሃን ላይ ተይዞ ይታያል። ክርንና ጉልበት የሚያርፍበት ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ ያ ቦታ ተቆርጦ ይጣላል፤ አለበለዚያ ጎኑ የተሰፋው ጠንካራ ጨርቅ ስቦ ይቀደዋል።

ሁሉም ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ይታጠባል። ቀይ፣ ጥቁርና አዲስ ጂንስ ቀለም ይለቃሉ፤ ረጥበው በነጭ አቡጀዲ መሐል ተጭነው ማደራቸው ያሳብቅባቸዋል። ነጩ ከቀላ ወይም ከጠቆረ ጨርቁ ለብቻው ደጋግሞ ይታጠባል፤ አሁንም ከለቀቀ ከነጭ አጠገብ አይገባም። ጨው ወይም ኮምጣጤ ቀለሙን ያስይዛል የሚባለው በፋብሪካ ለተቀለመ ጥጥ አያስተማምንም። ብዙ ቆንጆ ሥራ ነጩ ሮዝ ሆኖ የተበላሸው በዚህ እምነት ነው።

ቀጥሎ ልክና መቁረጥ ይመጣል። ለአንድ ሰው አልጋ 1.60 በ2 ሜትር የሆነ ድሪቶ እንውሰድ። ተሰፍቶ ሲያልቅ ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር በሚሆን አራት ማዕዘን ቢሠራ በወርድ 8፣ በቁመት 10፣ በድምሩ 80 ቁራጭ ይፈልጋል። ለስፌት በየጎኑ 7.5 ሚሊ ሜትር ስለሚተው እያንዳንዱ 21.5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቆረጣል። ይህ ብቻውን 3.7 ካሬ ሜትር ጨርቅ ይበላል፤ የሚጣለው ሲታከልበት ከዚያ ይበልጣል። ከአንድ የወንድ ሸሚዝ ጀርባ እንደ ስፋቱ ከአራት እስከ ስድስት ቁራጭ ይወጣል። መለኪያው ከጠንካራ ካርቶን ሳይሆን ከቆርቆሮ ወይም ከስስ ጣውላ ቢሆን ይሻላል፤ ካርቶን ጠርዙ በእርሳስ እየተበላ ሰማንያኛው ቁራጭ ከመጀመሪያው ይለያል።

መቀሱ የጨርቁን ድርና ማግ መከተል አለበት። ጨርቅ በድሩ ሲሳብ አይለጠጥም፣ በማጉ ጥቂት ይለጠጣል፣ በሰያፍ ሲሳብ ግን እንደ ላስቲክ ይረዝማል። ስለዚህ ሦስት ማዕዘን የሚቆርጥ ሰው ሰያፉን ጎን በሥራው ውስጠኛ ክፍል እንጂ በዳር አያውለውም። ዳሩ ላይ የዋለ ሰያፍ እየተለጠጠ ጠርዙ እንደ ማዕበል ይታጠፋል፤ ቢተኮስም ይመለሳል። የድሪቶውን ዳር ዘርግተው ሞገድ ካዩበት ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

የቀለሙ ነገር ሰፋ አድርገን ብንነግራችሁ ደስ ይለናል፤ ኪነ ጥበቡ በዋናነት ያለው እዚህ ነውና። ጀማሪ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ እያለ ይመርጣል። የበሰለች ሰፊ ግን መጀመሪያ የምታየው ጨለማውንና ብርሃኑን ነው። ጥቁር አረንጓዴና ጥቁር ቀይ በስም ሁለት ናቸው፤ ጎን ለጎን ተሰፍተው ከሩቅ ሲታዩ ግን አንድ ጥቁር ይሆናሉ፣ ንድፉም ይጠፋል። ስለዚህ ቁራጮቹን ሳትሰፋ በፊት መሬት ላይ ወይም ግድግዳ ላይ በተወጠረ ጋቢ ላይ ትደረድራለች፤ ራቅ ብላ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታያለች። ዛሬ ስልክ ላይ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ያው ሥራ ነው። ብርሃኑ አንድ ጥግ ላይ ከተከማቸ ዓይን እዚያ ይቀራል፤ ጨለማው መሐል ላይ ከበዛ ሥራው የተቀደደ ይመስላል። በአንድ ትንሽ ደማቅ ቢጫ ሙሉ ረድፍ ሲነሳ፣ ያው ቢጫ አራት ቦታ ሲገባ ሲደክም ይታያል። አበባ ያለበት ጨርቅ ለብቻው ውብ ሆኖ ከሌላ አበባ አጠገብ ይጠፋል፤ ባለመስመር ወይም ጥለት የሌለው ጨርቅ መሐላቸው ገብቶ ያሳርፋቸዋል። የጥበብ ቀሚስ ጥለት ለመልበስ ሲያረጅ የሚቀረው ክፈፍ ደግሞ በድሪቶ ውስጥ የራሱ ሥራ አለው፦ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ረድፎችን ይለያል፣ ዓይንንም ይመራል።

አንዳንዷ ሰፊ ሥርዓቱን አውቃ ትሰብረዋለች። ሁሉም አራት ማዕዘን ሲሆን አንዱን ረድፍ በጠባብ ቁራጭ ትሠራዋለች፤ ወይም ሙሉ በሙሉ ጥቁርና ነጭ በሆነ ሥራ አንድ ቀይ ታስገባለች። ይህ ከስሕተት በምን ይለያል? ስሕተት አንድ ቦታ ላይ ብቻውን ይቆማል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነገር ግን መልስ አለው፤ ቀዩ በጠርዙ ክር ወይም በገበሩ ተመልሶ ይታያል፣ ጠባቡ ረድፍ ከላይ ካለው ሰፊ ክፍል ጋር ይመዛዘናል። ዳኛው ይህን ፈልጎ ማየት አለበት።

መቀጣጠሉ ትዕግሥት የሚፈትን ነው። በየስፌቱ የሚተወው 7.5 ሚሊ ሜትር በሁለቱም ቁራጭ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢበልጥ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ 2 ሚሊ ሜትር ይበላል። በ8 ቁራጭ ረድፍ 7 መገጣጠሚያ አለ፤ ረድፉ 14 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ከጎኑ ያለው ረድፍ በትክክል ከተሰፋ ማዕዘኖቹ አይገናኙም፣ ሰፊዋም ስባ ልታገናኛቸው ስትል ጨርቁ ይኮማተራል። ስለዚህ በየረድፉ መለካት ግዴታ ነው። ካውያ ሲደረግም ይቀመጣል፣ ይነሳል፤ ከተገፋ ጨርቁን ይለጥጠዋል። የተረፈው ጠርዝ ወደ ጥቁሩ ጨርቅ ይታጠፋል፤ ወደ ነጩ ከታጠፈ በፊት በኩል እንደ ጥላ ይታያል።

መሐሉን በተመለከተ ወሎ ያላት ዕውቀት ብዙ ነው። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ለዚህ መጠን ለቆላ 1 ኪሎ፣ ለደጋ 1.5 ኪሎ ያህል ባዘቶ ይበቃል። ባዘቶ ግን እርስ በርሱ የተያያዘ ጨርቅ አይደለም፤ በስፌቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ከ5 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ በእጥበት እየተንሸራተተ ወደ አንድ ወገን ይከማቻል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል። ውጪው ደህና ሆኖ ውስጡ ጓል ጓል የሚል ድሪቶ ችግሩ ይህ ነው። ያረጀ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መሐል ከገባ ግን የተሸመነ ስለሆነ አይሸሽም፤ ስፌቱ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሊራራቅ ይችላል።

ገበሩ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አቡጀዲ ሁለት ቁራጭ ተጋጥሞ ይሠራል። ከፊቱ በየጎኑ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር መትረፍ አለበት፤ ሲሰፋ ወደ ውስጥ ይሳባልና። ለዚህ 4.40 ሜትር ይበቃል ቢባልም አቡጀዲ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ 4.70 መግዛት ይሻላል፤ በመቶ 5 ቢሰበሰብ ብቻ ከእያንዳንዱ 2.20 ሜትር 11 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል።

ሦስቱ ድርብ ሲገናኙ ገበሩ ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ይዘረጋል፣ ጥቂት ይወጠራል፣ ባዘቶው ይነጠፋል፣ ፊቱ ከላይ ይሆናል። ከመሐል ተነስቶ ወደ ዳር በየ10 ሳንቲ ሜትር ራቅ ራቅ ባለ ጊዜያዊ ስፌት ይያዛል። ከዳር ወደ መሐል የጀመረ ሰው የተረፈውን ጨርቅ ሁሉ መሐል ላይ ሰብስቦ ያገኘዋል፤ ገበሩ ላይ የታጠፈ ጨርቅ ተሰፍቶ ይቀራል። ዋናው ስፌትም እንዲሁ ከመሐል ይጀምራል። መርፌው አጭርና ቀጭን፣ ክሩ የጥጥ፣ ርዝመቱ ከ50 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ይሁን፤ ከረዘመ ይተበተባል፣ በጨርቁ ውስጥ ደጋግሞ ሲያልፍም ይበጣጠሳል። በሰም ታሽቶ ሲገባ አይቋጠርም። ከጨርቁ የጠነከረ ክር አይመረጥም፤ ጉተታ ሲመጣ መበጠስ ያለበት ክሩ ነው፣ እሱ ተመልሶ ይሰፋል። ቋጠሮው ፊት ላይም ገበር ላይም አይታይም፣ በቀስታ ተስቦ ባዘቶው ውስጥ ይገባል።

በ1.60 ወርድ ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ አንድ የቁመት መስመር ቢሄድ 31 መስመር፣ 62 ሜትር ስፌት ይሆናል። እያንዳንዱ ስፌት ከነክፍተቱ 6 ሚሊ ሜትር ቢይዝ መርፌዋ ከ10,000 ጊዜ በላይ ትገባለች፣ ወደ 100 ሜትር ክር ያልቃል። በአግድምም ከተሰፋ ያው እጥፍ ነው። ዋጋ በጨርቁ ሲተመን የማይቆጠረው ይህ ሁሉ ነው።

ከመሐል መጀመር አንዱ መንገድ መሆኑን ዳኞች እንዲያውቁ እንወዳለን። በህንድ ካርናታካ ግዛት የሚኖሩት ሲዲዎች፣ ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች ዘሮች፣ ካዋንዲ የሚሉትን ድሪቶ የሚሠሩት ከዳር ወደ መሐል ነው። እራፊው ገበሩ ላይ ሲቀመጥ ወዲያው ይሰፋል፣ ሌላው ይደረብበታል፣ መሐል ላይ ያልቃል። እያንዳንዱ ቁራጭ በየተራው ስለሚያያዝ የተረፈ ጨርቅ የሚከማችበት ቦታ የለውም። አራቱ ማዕዘን ላይ ፉላ የሚባል የታጠፈ ትንሽ ጨርቅ ካልገባ ሥራው አልተጨረሰም ይላሉ። ወሎ ውስጥም እራፊ በእራፊ ላይ እየደረበች፣ ያለ ሜትርና ያለ መለኪያ የምትሰፋ እናት ብትቀርብ በዚያው በራሷ አሠራር መመዘን ይገባታል፤ የካሬ ስፌት ሕግ እሷን አይዳኛትም።

ጠርዙ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ብዙ ሥራ የሚሸነፈውም እዚያ ነው፣ ሰፊው ስለሚደክም። ዙሪያው 7.20 ሜትር ነው፤ ለማዕዘንና ለመቀጠያ ተጨምሮ 7.60 ሜትር ርዝመት፣ 7 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጨርቅ ለሁለት ታጥፎ ይሰፋል። ማዕዘኑ ላይ ክብ እየሆነ ከሄደ ጨርቁ ሳይታጠፍ ተጎትቷል ማለት ነው። ጠርዙ ባዶ ሆኖ ከተነካ ባዘቶው እስከ ዳር አልደረሰም፤ ያ ጠርዝ መጀመሪያ ያልቃል።

እንግዲህ ዳኝነቱ። የትዝታን ቅኝት ከአምባሰል፣ ባቲን ከአንቺሆዬ በጆሮው የሚለይ ሰው በሞላበት ወሎ ድሪቶን በዓይኑና በጣቱ የሚለይ ዳኛ ማፍራት አይከብድም። ዳኞች ሦስት ቢሆኑ፣ ቢያንስ አንዷ መርፌ የያዘች፣ አንዱ ሥዕል ወይም ንድፍ የተማረ ቢሆን እንመክራለን። ሥራው ተሰቅሎ መጀመሪያ ከ4 ሜትር ይታያል፤ በዚህ ጊዜ ስለ ስፌት አይነገርም፣ ስለ ንድፍና ቀለም ብቻ ነው። ከዚያ ቀርበው መገጣጠሚያውን፣ በመጨረሻም ገልብጠው ገበሩን ያያሉ። ከመቶ ነጥብ 40 ለንድፍና ለቀለም፣ 20 ለመቀጣጠል፣ 25 ለስፌት፣ 10 ለጠርዝ፣ 5 ሰፊዋ ስለ ሥራዋ ለሰጠችው መግለጫ ቢሰጥ ተገቢ ይመስለናል። ለንድፍ ብዙ የሰጠነው ሆን ብለን ነው። ስፌቷ እንከን የሌለው፣ ንድፏ ግን ከሌላ የተገለበጠ ሴት በሙያዋ ትመሰገን፤ አንደኛ መውጣት ያለባት ግን ያልታየ ነገር ያሳየችው ናት።

ስፌቱ ሲመዘን ትንሽነቱ ብቻ አይታይ። ባለወፍራም ባዘቶ የደጋ ድሪቶ ላይ ስፌት ማሳነስ አይቻልም፤ ዋናው እኩልነቱ ነው። ሦስት ቦታ ላይ በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለውን ስፌት መቁጠር ነው፤ ከሁለት በላይ ከተለያየ እጁ አልጸናም። ማዕዘኖቹ ቀጥ ማለታቸውን ለማረጋገጥ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ይለካል፦ 1.60 በ2 ሜትር የሆነ ሥራ ሁለቱም ሰያፎች 2.56 ሜትር ገደማ መሆን አለባቸው። በመኪና የተሰፋው ከእጁ ለብቻው ይዳኝ፤ በእሱ ላይ የሚታየው ጉድለት ሌላ ነው። የላዩና የታቹ ክር ውጥረት ካልተመጣጠነ ገበሩ ላይ ትናንሽ ቀለበት ይታያል፤ መኪናው ላዩን ጨርቅ እየገፋ ከሄደም በመስመሮቹ መገናኛ ላይ መጨማደድ አለ።

አሰቃቀሉም ሥራውን ያድናል ወይም ያጠፋል። በሁለት ምስማር በማዕዘኑ የተንጠለጠለ ድሪቶ በራሱ ክብደት መሐሉ ይረግባል፣ ማዕዘኑም ይለጠጣል። ከገበሩ የላይኛ ጠርዝ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው የአቡጀዲ እጅጌ በገበሩ ብቻ ተሰፍቶ በውስጡ ጣውላ ይገባል፤ ክብደቱ በ1.60 ሜትሩ ላይ ሁሉ ይከፋፈላል። ፀሐይ በቀጥታ አይነካው። ለሙዚየም የሚመከረው ብርሃን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፤ ተሰቅሎ የቆየ ሥራ ከወራት በኋላ ወርዶ ይረፍ።

ማስቀመጫው የታጠበ አቡጀዲ እንጂ ፕላስቲክ አይደለም። በደሴ ክረምት ፕላስቲክ ውስጥ የታፈነ ጥጥ ይሻግታል። ስታርች የተደረገበት ጨርቅ አይቀመጥም፤ ተባይ የሚስበው ስታርቹ ነው። ከተጠቀለለ መልካም፤ ከታጠፈ በየጥቂት ወሩ ተዘርግቶ በሌላ መስመር ይታጠፍ፣ አንድ ቦታ ላይ የጸና እጥፋት ክሩን ይሰብራልና። ባዶ እንጨት ላይም አይኑር፤ እንጨት የሚያወጣው አሲድ ጥጡን ቡናማ ያደርገዋል።

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ ተነስቶ መልስ ያገኘበትን ጥቂት እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኒው ዮርክ የሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም የአሜሪካ ድሪቶዎችን እንደ ሥዕል ነጭ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አሳየ፤ ሥራው በሥዕል ተቺዎች ዓይን ገባ። ችግሩ አብዛኞቹ ሰፊዎች በስም አለመታወቃቸው ነበር፤ ስለዚህ ትችትም አስከትሏል። በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጊስ ቤንድ በሚባለው ቦታ የሚኖሩ፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች ዘሮች የሆኑ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፉት ድሪቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በዚያው ዓመት በዊትኒ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ቴምብር ላይ ወጣ። እነዚህ ግን ስማቸው ተጽፎ ነው የታዩት። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2007 ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ በሥራቸው መብትና ገቢ ላይ ክስ መሥርተዋል፤ ጉዳዩ በቀጣዩ ዓመት እልባት አግኝቷል። ዕውቅናና ውል አብረው ካልሄዱ እንዲህ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የምናስበው የሃሪየት ፓወርስን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ በባርነት የተወለደች ሴት ናት። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በ11 ክፍል የሰፋችበት ድሪቶ እ.ኤ.አ. በ1886 በአንድ የጥጥ ትርኢት ላይ ቀረበ። አንዲት የሥዕል መምህርት ልትገዛው ብትጠይቅ እምቢ አለች፤ በኋላ ሲቸግራት በ5 ዶላር ሸጠችው። ገዢዋ ግን ከሃሪየት አፍ የእያንዳንዱን ክፍል ትርጉም ሰምታ ጻፈች። ድሪቶው ዛሬ በአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል፤ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚል የምናውቀው በዚያ ጽሑፍ ነው። ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ግማሹ ሥራ ይጠፋ ነበር።

ስለዚህ መዝገቡን እንደ ቀላል ነገር አንይ። ለእያንዳንዱ ሥራ የሰፊዋ ስም በፈቃዷ፣ ወረዳዋ፣ የተሠራበት ዓመት፣ ልኩ፣ የጨርቁ ዓይነትና ከምን ልብስ እንደመጣ፣ በእጅ ወይም በመኪና መሆኑ ይጻፍ። የፊቱ፣ የገበሩና የአንድ ጥግ ፎቶ ከሜትር ጋር ይነሳ። ሰፊዋ ስለ ንድፉ የምትለው በራሷ አነጋገር በስልክ ይቀዳ፤ ማንም አያሳምረው። የንድፉ ስም ካለው የራሷን ስም እንጠቀም።

የሕጉ በር ክፍት ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዩኔስኮ እ.ኤ.አ. የ2003 የማይዳሰስ ቅርስ ስምምነት ባህላዊ የእደ ጥበብ ዕውቀትን በግልጽ ይጠቅሳል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረትም አዲስ ሥራ መብት የሚያገኘው ሲሠራ እንጂ ሲመዘገብ ብቻ አይደለም። የወል የሆነው ንድፍ የሁሉም ነው፤ የአንዲት ሴት የራሷ አቀማመጥ ግን የእሷ ነው። ባዛር ላይ የታየ ሥራ ፎቶው ለፖስተር ወይም ለጨርቅ ኅትመት ሲወሰድ ፈቃዷና ድርሻዋ በጽሑፍ ይሁን።

እንግዲህ የምንጠይቀው፦ በሚቀጥለው የዞኑ ኤግዚቢሽን ድሪቶ በኪነ ጥበብ ምድብ ይግባ፤ ተሰቅሎ ይታይ፤ ካርዱ ላይ ስም፣ ቦታና ሰፊዋ ራሷ የቆረጠችው ዋጋ ይጻፍ። ደሴ ሙዚየም በየዓመቱ ጥቂት ሥራ በግዢ እንጂ በስጦታ ብቻ አይቀበል፤ ከደጋም ከቆላም፣ አዲሱም ያረጀውም ይኑርበት። ያረጀው ሲመጣ ማንም ለማጽዳት ብሎ አይጠበው፤ እንዳለ ይምጣ፣ መታጠብ ያለበት ከተጠና በኋላ ነው።

በእኛ በኩል አሥር ሥራ የሚሰቀልበትን ጣውላና የአቡጀዲ እጅጌ ሠርተን እናቀርባለን፤ የምዝገባ ቅጹንና የነጥብ መስጫ ወረቀቱን አዘጋጅተናል፤ ለዳኞች የአንድ ቀን ልምምድ፣ እውነተኛ ድሪቶ እየገለበጡ፣ ያለ ክፍያ እንሰጣለን። ቀኑን ንገሩን፤ ለጨርቁ መወጠሪያ የሚበቃ 2.50 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ ያለው አዳራሽ ብቻ ይኑር።

ከአክብሮት ጋር፣
በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሐይቅ የምንገኝ ልብስ ሰፊዎችና ድሪቶ ሠሪዎች